በእማሆይ ቀኝ

ሰው በባል ይቀናል፣ በቤት ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል። እኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ የቀናሁት በመቀመጫ ነው። መቀመጫ ስላችሁ ወንበር እንዳይመስላችሁ። ከአንዲት አሮጊት መነኩሲት በስተቀኝ ያለ፣ አንድ ሰው ጠበብ አድርጎ የሚይዝ ቦታ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእኔ ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት መጥታ ተቀመጠችበት። መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ፤ እኔም ስቄበታለሁ፣ ግን ቆይቼ ነው።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሁሉም ፋይል ቦታ ቦታውን ይዞ ሲቀመጥ ደስ ይለኛል፣ አንዱ ከቦታው ሲነሳ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የምንገለገል አሥራ ሁለት ሴቶች የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር አለን። ወር በገባ በሃያ አንድ ተራ የደረሳት ቤት እንሰበሰባለን። የንስሐ አባታችን ይመጣሉ፣ ጸሎት ይደረሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ከዋንዛ እንጨት በተፈለፈለችው ጽዋ ጠላ በየተራ እንቀምሳለን። በመጨረሻ ባለተራዋ ጽዋዋን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ለሚቀጥለዋ ታስረክባለች። ያችኛዋ ተንበርክካ ትቀበላለች፣ ከበሮ እየመታን በእልልታ እስከ ቤቷ እንሸኛታለን። ጽዋዋ የገባችበት ቤት የሚቀጥለውን ወር ይደግሳል።

የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ የምንላቸው፣ እማሆይ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫኑ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች አንድ ክፍል ቤት ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ቢላዋውን ከፍ ያደርጉና «የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ በዓይናቸው ሁላችንንም አንድ በአንድ ይዞሩናል። ያላት ትናገራለች። ሁለቱ ጉልበት ለጉልበት ተሳስመው ይቅር ሳይባባሉ ዳቦው አይነካም። አብዛኛውን ጊዜ ማንም ያለው የለም፣ ዝም እንላለን፣ ይቆረሳል።

ድግሱም ልክ አለው። አንድ ዳቦ፣ አንድ እንስራ ጠላ፣ አንድ ዓይነት ወጥ። ያላትም ይኸንኑ፣ የሌላትም ይኸንኑ። እማሆይ ማኅበሩ ሲመሠረት ያጸኑት ደንብ ይኸ ነው፤ ድሮ በቃል ነበር፣ በኋላ ደብተር ላይ ይስፈር ሲባል የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆንኩ ለእኔ ተሰጠ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሥርዝ ድልዝ ሳይኖረው ጻፍኩት። የጻፍኩት እኔ መሆኔን ልብ በሉልኝ።

በእማሆይ ቀኝ የምትቀመጠው ሴት ሥራ አላት። ጽዋዋን ከእማሆይ እጅ ተቀብላ፣ ቀምሳ፣ ወደሚቀጥለው ታሳልፋለች። ዳቦው ሲቆረስ ሌማቱን ትይዛለች፣ ሲነሱ ክንዷን ትሰጣለች። መርጦ የሚሾም የለም። እኔ የተቀመጥኩት እናቴ በሞተችበት ዓመት፣ በእሷ ምትክ ማኅበሩን ስገባ ነው። ያን ቀን ቆሜ የት ልሂድ ስል እማሆይ «ነይ ልጄ፣ ከዚህ» አሉና መደቡን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ከእናቴ በኋላ ልጄ ያለኝ ሰው እሳቸው ናቸው። ሃያ አንድን ስጠብቅ የምጠብቀው ያችን መዳፍ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ከአባሎቻችን አንዷ ባሕር ዳር ልጆቿ ዘንድ ገባችና ቦታ ተከፈተ። በእሷ ምትክ የገባችው ከደጋው፣ ከፈረስ ቤት የመጣች ሴት ናት። መንገዱ ሲከፋ፣ ባሏም ቡሬ ሥራ ሲያገኝ፣ ልጆቿን ይዛ እኛ ሰፈር ቤት ተከራየች። ባሏ መንገድ ከተከፈተ ቅዳሜ ይመጣል፣ ካልተከፈተ ይቀራል። እኔ በልቤ ደገኛዋ እላታለሁ። ሠላሳ ሁለት፣ ቢበዛ ሠላሳ ሦስት ቢሆናት ነው። ሳትጠየቅ አትናገርም፣ ስትገባ ሁሉንም ጎንበስ ብላ ትስማለች፣ እኔን ደግሞ «እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ትለኛለች። አንቱታዋ ያንገበግበኝ ነበር። እማሆይን አንቱ ትበል፣ ይገባቸዋል፤ እኔን ምን አግኝታብኝ ነው ከአሮጊት ጎራ የምትከተኝ?

መዝሙሯ ደግሞ አለ። የእመቤታችንን መዝሙር በደጋው አዘማመር ረጋ አድርጋ ስታወርደው የንስሐ አባታችን ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስዘምር ዓይናቸውን የጨፈኑት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያኔም እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

ቦታዬን ያጣሁት በስብሰባ ምክንያት ነው። በግንቦት ሃያ አንድ መሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ጠራ፣ አለቃችን ሲናገሩ ሲናገሩ ስምንት ሰዓት አለፈ። በባጃጅ ስበር ስደርስ ጸሎቱ አልቆ ነበር። በእማሆይ ቀኝ ደገኛዋ ተቀምጣለች፣ ሌማቱንም ይዛለች። ሌማቱን የሚይዝ ጠፍቶ ነው እንጂ ቦታዬን ልትቀማኝ አልነበረም። ይኸን ዛሬ አምናለሁ፣ ያን ዕለት ግን አላመንኩም። እማሆይ ቀና ብለው «ደኅና ዋልሽ ልጄ፣ ግቢ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። የት እንደምቀመጥ አላሉኝም። በሩ ሥር ካለች ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ጽዋዋ እኔ ዘንድ ስትደርስ አሥራ ሁለተኛ ነበርኩ፣ የተረፈውም ጉንጭ አይሞላም።

በሰኔ ከሁሉም ቀድሜ ሄድኩ። ባለተራዋ ገና ቤቷን እየጠረገች ነበር፣ እኔ ቦታዬን ይዤ እግሬን አነሳሳላት ነበር። እማሆይ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ደስ አለኝ። ቆየት ብላ ደገኛዋ ገባችና ሁሉንም ሳመች። እማሆይም «ነይ ወዲህ ልጄ» አሏት። ልጄ አሏት። ለካ ክረምቱ ሲገባ ጉልበታቸው ይቆረጥማቸዋል፣ እሷም በየሳምንቱ እየሄደች ቅባት ታሽላቸው ኖሯል። «እስቲ ጠጋ በይላት» አሉኝ። ጠጋ አልኩ፣ በመሐላችን ገባች። ያው አንድ ቃል ከአንድ አፍ ለሁለት ሰው ሲወጣ እንደዚያ ያማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አለማወቄ ትንሽ እንኳ አላሳፈረኝም። ያንገበገበኝ እሷ ማወቋ ነው።

ከዚያ ቢላዋው ከፍ አለ። «የተቀያየመ አለ?» እማሆይ ዞር ዞር ብለው አዩን። እኔ ከሁሉም በላይ አንገቴን ቀና አድርጌ ዝም አልኩ። ዳቦው ተቆረሰ፣ በላሁ፣ ከጽዋዋም ቀመስኩ። ይኸን ሦስት ወር አደረግኩት።

ባሌ አስተማሪ ነው። ነገሩን አጫወትኩት፣ ማለት ሌላ ነገር አስመስዬ አጫወትኩት፣ ገባው። ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪ በመቀመጫ ከተጣላበት ወላጅ እንደሚያስጠራ ነገረኝና ለእኔ ግን ማንን እንደሚያስጠራ እንደጨነቀው አከለበት። እራቱን አቀረብኩለት።

በሐምሌ ተራው የእሷ ሆነ። በተከራየችው ክፍል ውስጥ ልጆቿን ጎረቤት ልካ፣ አልጋውን ከግድግዳ አስጠግታ አስተናገደችን። አንድ ዳቦ፣ አንድ እንስራ ጠላ፣ አንድ የሽሮ ወጥ። ከደንቡ ውልፍት አላለችም። ጠላው ግን ከአገሯ በመጣ ገብስ የተጠመቀ ነው፣ ሰዉ ቀመሰና ተያየ። የንስሐ አባታችን ደገሙ። እማሆይ እንዲህ ያለ ጠላ ከቀመሱ ዘመን እንደሆናቸው ተናገሩ። እኔም ሳልወድ ቀመስኩት። ጥሩ ነበር፣ እግዜር ይይልኝ፣ በጣም ጥሩ ነበር። ቢጎመዝዝ ኖሮ ያን ወር በሰላም አድር ነበር።

ሲያልቅ ጽዋዋን የምረከበው እኔ ነበርኩ። በሥርዓቱ መሠረት በፊቷ ተንበረከክሁ። የተንበረከክሁት ለጽዋዋ ነው እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። እሷ ጽዋዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እመቤቴ ቤትዎ ትግባ፣ እትዬ» አለችኝ። ከበሮውንም እስከ ቤቴ የመታችው እሷ ናት። መንገድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ የሚያየው ጽዋ ተሸካሚዋን ሳይሆን ከበሮ መቺዋን ነበር።

ነሐሴ የሰው ሁሉ ጎተራ የሚራቆትበት ወር ነው። ዘንድሮማ መንገዱም ጭምር እየተዘጋ ገበያው ሳስቶ ነበር። እኔና ባሌ ደመወዝተኞች ነን፣ ልጆቻችንም ራሳቸውን ችለዋል፣ ስለዚህ አልጎደለብኝም። ፍልሰታ ተፈትቷል። ሁለት ዶሮ ሠራሁ፣ ከሥጋ ቤት ሥጋ አስመጣሁ፣ ሦስት ዳቦ ጋገርኩ፣ ጠላውን በሁለት እንስራ ጠመቅሁ፣ ጠጅም ጨመርኩበት። ባሌ ሽንኩርቱን እየላጠ ደንቡን የጻፈው ማን እንደነበር ጠየቀኝ። ሰው ማብላት ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው ብዬ መለስኩለት። እንባው የሽንኩርት ነው ብዬ አለፍኩት፣ እየሳቀብኝ ይሁን እንጃ።

ሌላም ነገር አደረግሁ፣ ይኸን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እማሆይን ከመደብ ላይ አላስቀመጥኳቸውም። ባለ መደገፊያዋን ነጠላ ሶፋ በቤቱ ራስጌ አደረግሁና እዚያ ላይ ሰየምኳቸው። አክብሬያቸው ነው የሚመስለው። ሶፋዋ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፣ በቀኛቸውም በግራቸውም ማንም ሊቀመጥ አይችልም። እማሆይ እዚያች ላይ ሆነው እግራቸው መሬት አልነካ ብሎ ተንጠልጥሎ ነበር። ጽዋዋን ሲያቀብሉ ወደ ጎን መዘርጋት አቃታቸውና እኔው ተቀበልኳቸው።

ሴቶቹ ተደነቁ። እያንዳንዱ ሳህን በገባ ቁጥር «ኧረ ምነው፣ ኧረ ምነው» ይሉ ነበር፣ እኔም ምንም አልሠራሁም እል ነበር። ደገኛዋ ጎንበስ ብላ እጄ እንዲባረክ መረቀችኝ። ፊቷ ላይ ቅናት ፈለግሁ፣ በደንብ ፈለግሁ። የለም። ይኸ ይባስ አናደደኝ። እማሆይ ከዳቦውና ከአንዱ ወጥ ጥቂት ቀመሱና ጥርሳቸው እንደማይችል ተናግረው ተዉት።

ጽዋዋን የማስረክብበት ሰዓት ደረሰ። ተረኛዋ ራሳቸው እማሆይ ነበሩ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ቀረብኩ። እሳቸው ከሶፋው አልተነሱም። እግራቸው አላምር እንዳላቸው፣ ወሩን ጽዋዋ እዚያው እኔ ቤት ብትሰነብት ደስ እንደሚላቸው ተናገሩ። ማኅበሩ ከተመሠረተ ወዲህ ጽዋ ከአንድ ቤት ሁለት ወር ሰንብታ አታውቅም። ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ደስታ። ቤቴን ወደዱት፣ ድግሴን ወደዱት፣ ከሁሉም አብልጠው እኔ ዘንድ እንድትቆይ መረጡ አልኩ። ዘወር ብዬ ደገኛዋን አየኋት። እሷ ወለሉን ታይ ነበር።

ስለዚህ በመስከረም ጨመርኩ። የነሐሴውን ሁሉ ሠርቼ በላዩ ክትፎ አከልኩበት። ሶፋዋን አስቀመጥኩ፣ አዲስ ጨርቅም አለበስኳት። እማሆይ ግን አልመጡም። ከማኅበሩ ቀርተው አያውቁም። ሶፋዋ ባዶዋን ዋለች፣ ማንም ሊቀመጥባት አልደፈረም። ጥያቄውን በእሳቸው ምትክ የንስሐ አባታችን ጠየቁት፣ እኔም እንደለመድኩት ዝም አልኩ።

በእኛ ዘንድ በሕመም የቀረች አባል ድርሻዋ አይቀርባትም። ባለተራዋ በማግሥቱ ጠዋት ይዛላት ትሄዳለች። እኔም በአገልግል ሙልት አድርጌ፣ ዶሮውንም ሥጋውንም ደራርቤ ይዤ ወጣሁ። ጭቃው ገና አልደረቀም ነበር፣ በየአጥሩ ሥር በቆሎው እሸት ይዟል። ብቻዬን ስለማገኛቸው ደስ ብሎኛል። ጉልበታቸውን ላሽላቸው ብዬ በኮቴ ኪስ ውስጥ ቅባት ይዤ ነበር። ከበራቸው ስደርስ ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ ተቀምጧል። የማን እንደሆነ አወቅሁ። ልመለስ ነበር፣ ግን አገልግሉን ይዤ የት እመለሳለሁ?

ገባሁ። እማሆይ መደባቸው ላይ ናቸው። ደገኛዋ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብላለች። የልብስ ሳጥናቸው ተከፍቷል፣ በጉልበታቸው ላይ ታጥፎ የተቀመጠ ነጭ ነጠላ አለ። ደገኛዋ ስታየኝ ፈጥና ልትሸፍነው ሞከረች። ሰላምታ ተሰጣጣን። አገልግሉን ከፈትኩት። እማሆይ ወደ ውስጥ አዩ።

«ይኸ ሁሉ የአንድ ሰው ድርሻ ነው?» አሉኝ።

የተረፈ ነው አልኳቸው። ጨርቁ ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ደገኛዋ ሳጥኑን ልትዘጋ ተነሳች፣ እማሆይ በእጃቸው ተዪው አሏት።

«መገነዣዬ ነው» አሉ። «ራሴ ፈትዬ፣ ሸማኔ ቤት አሠርቼ ያስቀመጥኩት። ጥቅምት ተራዬ ነው ልጄ። እንዳንቺ አድርጌ ለማስተናገድ የምሸጠው ሌላ ነገር የለኝም። ወስደሽ ሽጭልኝ ብላት እንቢ አለችኝ።»

የሚከተለውን ብደብቀው ደስ ባለኝ። መጀመሪያ ልቤን የወጋው መገነዣው አልነበረም። ለእሷ አሳይተው ለእኔ አለማሳየታቸው ነው። አሮጊቷ በድግሴ ምክንያት ራቁታቸውን ሊቀበሩ ደርሰው፣ እኔ አሁንም ማን በምን እንደቀደመኝ እቆጥር ነበር። ሁለተኛው ነገር፣ ትክክለኛው ነገር፣ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ሲመጣ ግን ከበሩ ሥር ተቀመጥኩ። ለካ ያን ቀን ያስቀራቸው እግራቸው አልነበረም። ለካ ያች ጽዋ ቤቴን ወዳ አልሰነበተችም። እማሆይን ራሳቸው ካጸኑት ደንብ ውስጥ አስወጥቻቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ በሰው ፊት እንዳላፍር ብለው ወቀሳውን ውጠው እግሬን አመመኝ አሉ።

ተነስቼ ወጣሁ። ደገኛዋ ተከትላኝ ወጣች። ጫማዋን እያጠለቀች ሳለ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት፣ ድምፄም ጥሩ አልነበረም።

«እማሆይ አደራ ብለውኝ ነው» አለች። ጫማዋን አጥልቃ ስትጨርስ ደግሞ «እርስዎም እትዬ፣ በጣም ደስ ብሎዎት ነበር» አለችኝ።

ክፋት አልነበረባትም። ክፋት ቢኖርባት ኖሮ እመልስላት ነበር።

ቤቴ ገባሁ። መጀመሪያ ያሰብኩት መፍትሔ የእማሆይን ድግስ ሙሉውን እኔ መቻል ነበር። በስውር፣ ማንም ሳያውቅ፣ በመገነዣቸው ፋንታ በእኔ ቤት እህል። ለባሌ ስነግረው ጋዜጣውን አጠፈና ይኸ ሦስተኛው ድግሴ እንደሚሆን ነገረኝ። ተናደድኩበት። ትክክል ስለሆነ ነው የተናደድኩት። ከዚያ የማኅበሩን ደብተር አወጣሁና የራሴን ጽሑፍ አነበብኩት፤ አንድ ዳቦ፣ አንድ እንስራ ጠላ፣ አንድ ዓይነት ወጥ። እንዴት ያማረ ጽሑፍ ነበር።

ለሴቶቹ ሁሉ ደወልኩና ጽዋዋን ለማስረከብ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንድንገናኝ ለመንኩ። እማሆይ ቤት ደገኛዋን ላክሁ። እኔ ብሄድ የሚመጡልኝ አልመሰለኝም፣ እሷ ብትላቸው ግን ይመጣሉ። እሷን መላክ ስንት እንደከበደኝ የማውቀው እኔ ነኝ። መጡ፣ በእሷ ክንድ ተደግፈው። ከግቢው የጽድ ዛፍ ሥር ክብ ሠርተን ቆምን። ዳቦ የለም፣ ቢላዋ የለም፣ ጽዋዋ ብቻ በእጄ አለች።

«ዛሬ ይጠይቁን፣ እማሆይ» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝና «የተቀያየመ አለ?» አሉ።

«እኔ አለኝ» አልኩ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የራሴን ድምፅ በዚያ ጥያቄ ላይ ስሰማ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ወደ ደገኛዋ አመለከትኩ። ፊቷ ደነገጠ፣ ምስኪን፣ ምን እንዳጠፋች ለማስታወስ ስትሞክር ታየኝ።

«ምንም አላደረገችኝም» አልኩ። «እርስዎ ስለወደዷት ነው። በእሷ ቀንቼ ደንቡን አፈረስኩ። ድግሱን የሠራሁት ለእመቤታችንም ለእናንተም አልነበረም፤ እሷን ላሳንስ ነበር። ያሳነስኩት እርስዎን ሆነ።»

መገነዣውን አላነሳሁም። እማሆይም አላነሱትም። ልንበረከክ ዝቅ ስል ደገኛዋ ቀድማኝ መሬት ላይ ነበረች። ጉልበቴን ይዛ «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ እትዬ» ትላለች። እኔ የምለውን እሷ ቀድማ አለችው። እንግዲህ ያለኝን ሁሉ ከተናገርኩ አይቀር ይኸንንም ልጨምር፤ በዚያች ደቂቃ፣ እዚያው ጉልበቷን እየሳምኩ፣ ለምን ቀደመችኝ ብዬ ቀናሁ። በትሕትና እንኳ አልቀድማትም? ከዚያ ደግሞ የሆነ ነገር አሳቀኝ። እንባና ሳቅ ተደበላለቀብኝ፣ እሷም መሳቅ ጀመረች፣ ለምን እንደምትስቅ ሳታውቅ።

ያልጠበቅኩት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የኅዳር ተረኛ የሆነችው፣ ገበያ ላይ እህል የምትሸጠው ሴት፣ ጉሮሮዋን ጠራረገችና ለጠጅ ማር ገዝታ አስቀምጣ እንደነበር ተናገረች። የእኔን ድግስ ካየች ወዲህ እንቅልፍ አልነበራትም። የታኅሣሥ ተረኛ ደግሞ በጾም ቢሆንም የምታደርገውን አስባ ነበር፣ ከእህቷም ለመለመን ቡሬ ድረስ ሄዳለች። አንዷ ጭራሽ ከማኅበሩ ልትወጣ ወስና ነበር። አንድ ሶፋ ያመጣው ጣጣ። እማሆይ ሁሉንም ሰምተው ማሩ እንዲቀር፣ ደንቡም እንደነበረ እንዲሆን ተናገሩና ለጽዋዋ እጃቸውን ዘረጉ። መንበርከክ ስለማይችሉ እኔ ተንበርክኬ ሰጠኋቸው።

ልንሸኛቸው ተነሳን። በልቤ ክንዳቸውን እኔ የምይዝ መስሎኝ ነበር፣ ያን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር። እማሆይ ግን ጽዋዋን መልሰው ለእኔ ሰጡኝና እስከ ቤታቸው እንድይዝላቸው አዘዙኝ፣ እሳቸው ደገኛዋን ተደገፉ። ከበሮውን ሌላ ሰው መታ። መንገዱን ሁሉ ጽዋዋን በሁለት እጄ ይዤ ዓይኔ ግን ከዚያች ክንድ አልተነቀለም።

በጥቅምት ሃያ አንድ እማሆይ ቤት ተሰበሰብን። በአንድ ክፍል አሥራ ሁለት ሰውና ቄስ መያዝ ከባድ ነው፣ ግማሾቻችን መደብ ላይ፣ ግማሾቻችን ሰሌን ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ወሩ የጽጌ ጾም ነው፣ እማሆይ ይጾሙታል። አንድ የበቆሎ ዳቦ፣ አንድ እንስራ ቀጠን ያለ ጠላ፣ አንድ የሽሮ ወጥ። ሳጥናቸው ጥግ ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል፣ እኔም ደገኛዋም አንድም ጊዜ ወደዚያ አላየንም። ደገኛዋ በቀኛቸው ተቀምጣ ሌማቱን ይዛለች። እኔ በሩ ሥር ነኝ፣ በዱካው ላይ። ዱካውን ራሴ መረጥኩት፣ ግን መምረጤ ቅር ከመሰኘት አላዳነኝም።

ቢላዋው ከፍ አለ። «የተቀያየመ አለ?»

ዝም ለማለት ፈለግሁ። ባለፈው ወር ተናግሬ ጨርሻለሁ፣ በየወሩ የሚነሳ ሰው ምን ይባላል? እማሆይ በዓይናቸው ዞሩና እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ዛሬም ጥቂት አለኝ» አልኩ።

«ከዚችው?»

«ከዚችው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ደገኛዋ ቦታውን ልትለቅልኝ ብድግ ስትል ከበሩ ሥር ተነስቼ፣ በሰዉ እግር መሐል አልፌ፣ ትከሻዋን ይዤ መልሼ አስቀመጥኳት። ያኔ ቀደምኳት፤ ሳትነሳ ጉልበቷን ሳምኩ። እማሆይ ቢላዋውን ከዳቦው በላይ እንደያዙ ነበር።

«በየወሩ ይሆን እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«እንጃ እማሆይ። ሊሆን ይችላል።»

«ይሁን» አሉ። «ዳቦው ይቆያል፣ እኛም እንጠብቅሻለን።»

ወደ ዱካዬ ስመለስ ዳቦውን ቆረሱት። ድርሻዬ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በሩ ሥር ድረስ መጣልኝ።